ህዋስ ሲጨንቀው፦ ከቡናማ ጥርስ የተነሳ ንግግር

አዳማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆችና ለመምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ይህን ሙቀት ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እባካችሁ የኋላውን በር ክፈቱት፤ ነፋስ ይግባበት።

ስለ ፕሮቲን ከማውራቴ በፊት ጥርሴን ላሳያችሁ። ከፊት ያሉት ቡናማ ናቸው። ጠጋ ብሎ ላያቸው ደግሞ አግድም የተሰመረ ነጭና ቡናማ መስመር አላቸው። ሁለቱ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ከመካከላችሁ የእኔ ዓይነት ጥርስ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። አዲስ አበባ ለትምህርት የሄድኩ ጊዜ ገና አፌን ስከፍት «የናዝሬት ልጅ ነህ አይደል?» ይሉኝ ነበር። አልተሳሳቱም።

ያደግሁት ከአዳማ ወጣ ብላ ባለች ሰፈር ነው። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት መፋቂያ ትሰጠኛለች። ጥርሴ አልነጣ ሲላት ከሰል ታደቅና በጣቷ ታሸኛለች፤ ድዴ እስኪደማ ድረስ። የሰነፍኩ መስሏት ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ አስተማሪ ከልጆቹ ፊት አቁሞኝ «ጥርሱን የማይፍቅ ልጅ እንዲህ ይሆናል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ለመድኩ። የስምንተኛ ክፍል ፎቷችን አሁንም ቤት አለ። ከፊት ረድፍ ከቆምነው ውስጥ አብዛኞቻችን ከንፈራችንን ገጥመናል።

ሰነፎች አልነበርንም። ጥርሳችንም ቆሻሻ አልነበረም። የነገሩ መነሻ ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት ነው። ድድ ውስጥ ሆነው ጥርሱን ይሠሩ የነበሩ ህዋሶች ከአቅማቸው በላይ የሆነ ጫና መጥቶባቸው ነበር። ያኔ ያደረጉት ነገር ነው ጥርሳችን ላይ ታትሞ የቀረው። ይህን ባዮሎጂ አስተማሪ ከሆንኩ ከዓመታት በኋላ ነው የተረዳሁት። እናቴ ከማረፏ በፊት ነግሬያታለሁ፤ ደስ ይለኛል።

ጫና ስል የኑሮ ጭንቀት ማለቴ አይደለም። አንድ ህዋስ ሥራውን እንዳይሠራ የሚያውከውን ነገር ሁሉ ነው፤ ሙቀት፣ ረሃብ፣ መርዝ፣ የአየር ማጠር።

ከእንቁላል እንጀምር። የአንድ እንቁላል ነጩን ለሁለት ብርጭቆ ከፍዬዋለሁ። በዚህኛው ላይ የፈላ ውሃ አፈስሳለሁ። በዚያኛው ላይ ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል። እዩት። ሁለቱም ነጡ። አንደኛው በሙቀት፣ ሁለተኛው ያለ ምንም እሳት።

የእንቁላል ነጭ ማለት ውሃና ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ እንደ ጨሌ የተሰካካ ረጅም ክር ነው። ክሩ ግን ተዘርግቶ አይቀመጥም። ይጣጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጽ ነው። ቁልፍን አስቡ፤ ብረቱ ያው ሆኖ ጥርሱ ቢጣመም በር አይከፍትም። ሙቀቱም አልኮሉም ያደረጉት ክሩን መፍታት ነው። የተፈቱት ክሮች እርስ በርሳቸው ተተበተቡ። ብርጭቆው ውስጥ የምታዩት ነጭ ነገር ትብትቡ ነው። በኮሮና ጊዜ እጃችንን አልኮል ስንቀባ በጀርሞቹ ላይ ስናደርግ የነበረውም ይህንኑ ነው።

ለምን ይተበተባል? ፕሮቲን ሲታጠፍ ውሃ የማይወደውን፣ ቅባትነት ያለውን ክፍሉን ወደ ውስጥ ይደብቃል። ሲፈታ ያ ክፍል ይጋለጣል። ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን የዘይት ጠብታ አይታችኋል? ተፈላልጎ ይገጥማል። የተፈቱ ፕሮቲኖችም እንደዚያ ተፈላልገው ይጣበቃሉ።

አሁን የእኛን ህዋስ አስቡት። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ነው። ብዙዎቹ ፕሮቲኖቻችን ቅርጻቸውን የያዙት በስሱ ነው። ትኩሳት 41 ሲገባ መላላት የሚጀምሩ አሉ። ህዋሱ ውስጥ ደግሞ ባዶ ቦታ የለም። የገበያ ቀን ገበያ መሃል ነጠላ ለማጣጠፍ መሞከር ነው፤ ግራ ቀኙ ሰው ነው፣ ጫፉ የሆነ ነገር ላይ ይያዛል። ክርስቲያን አንፊንሰን የሚባል አሜሪካዊ አንዳንድ ፕሮቲን ተፈትቶ ለብቻው ቢተው ራሱን መልሶ እንደሚያጥፍ አሳይቷል። በ1972 ኖቤል ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። እሱ ግን ያየው በንጹህ ብርጭቆ ውስጥ ነው። በህዋስ ግፊያ ውስጥ ረዳት ያስፈልጋል።

የረዳቶቹ ታሪክ የሚጀምረው በዝንብ ነው። ፌሩቾ ሪቶሳ የሚባል ጣሊያናዊ የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ያጠና ነበር። ከምራቅ ዕጢያቸው የሚወጡት ክሮሞዞሞች፣ ጂን ተሸካሚዎቹ ክሮች ማለት ነው፣ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ትላልቅ ናቸው። አንድ ቀን ሲያያቸው ከዚያ በፊት አይቷቸው በማያውቅ ቦታዎች ላይ አብጠዋል። እብጠት ማለት እዚያ ያለው ጂን ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ነገሩን ሲያጣራ ሰው የማሞቂያ ሳጥኑን ሙቀት ከፍ አድርጎት ኖሯል። ግኝቱን በ1962 አሳተመ። ከዚያ በፊት አንድ መጽሔት ጽሑፉን እንደመለሰበት ራሱ ተርኳል። ጂኖቹ የሚያሠሯቸው ፕሮቲኖች የታዩት ከ12 ዓመት በኋላ በ1974 ነው። የሙቀት ፕሮቲኖች ተባሉ። በኋላ ግን ሙቀት ብቻ ሳይሆን አልኮል፣ ከባድ ብረት፣ የአየር እጥረትም እንደሚያስነሳቸው ታወቀ። ህዋሱ የሚከታተለው የፕሮቲኖቹን መፈታት ነዋ። ማን እንደፈታቸው ለእሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ሥራቸው ማጀብ ነው። ሳይንሱ ሻፐሮን ይላቸዋል፤ ድሮ ወጣት ሴትን ግብዣ ላይ የሚያጅብ ሰው ማለት ነበር። እኔ ሚዜ እላቸዋለሁ። ሚዜ ሙሽራውን ይከተላል፣ ከሰው ግፊያ ይከልለዋል፣ ልብሱን ያስተካክልለታል። ሠርጉ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የትዳሩ አካል አይሆንም። ሚዜ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። የተጋለጠውን ቅባታም ክፍል ይይዛል፣ ከሌላ ጋር እንዳይጣበቅ ይከልላል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል። ፕሮቲኑ ቅርጹን ሲይዝ ጥሎት ይሄዳል። ለዚህ ጉልበት ያወጣል። ህዋሳችን የሚያቃጥለው ኃይል ከፊሉ ለሚዜዎቹ የሚከፈል ነው።

የተተበተበውንስ? እንቁላሉን ወደ ጥሬነት የሚመልሰው የለም። እርሾ ግን በተወሰነ ደረጃ ይችላል። ሱዛን ሊንድክዊስት የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1990ዎቹ እርሾ ውስጥ ከትብትቡ መሃል አንድ አንድ ክር እየጎተተ የሚያወጣ ፕሮቲን እንዳለ አሳይታለች። እርሾን በቀጥታ 50 ዲግሪ ውስጥ ብትከቱት ያልቃል። መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ 37 ዲግሪ ካስለመዳችሁት ግን ብዙው ይተርፋል። በዚያች አጭር ጊዜ ሚዜዎቹን ጠርቶ ጨርሷላ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ህዋሱ ቴርሞሜትር የለውም። ታዲያ ጫና እንደመጣ እንዴት ያውቃል?

ድግስ ቤት አስቡ። የቤቱ አባወራ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሦስት ጎረምሶች ከበው ያጫውቱታል። እንግዳ ጥቂት ሲሆን ጎረምሶቹ ሥራ የላቸውም፤ አባወራውም በጨዋታ ተይዟል። ድንገት እንግዳ ይጎርፋል። ጎረምሶቹ ትሪ ሊይዙ፣ መቀመጫ ሊፈልጉ ብድግ ይላሉ። አባወራው ብቻውን ቀረ። ቀና ብሎ ሲያይ ቤቱ ሞልቷል። «ኧረ ሰው በዛ! እነ እገሌን ጥሯቸው!» ይላል። ከጎረቤት ተጨማሪ ልጆች ይመጣሉ። ሥራው ሲቀል ትርፍ የሆኑት ተመልሰው አባወራውን ያጫውቱታል፤ እሱም ጩኸቱን ይተዋል።

ህዋሱ ውስጥ አባወራው ኤችኤስኤፍ 1 ይባላል። የሚዜዎችን ጂን የሚያስነሳ ፕሮቲን ነው። በሰላሙ ጊዜ ሚዜዎቹ ራሳቸው ይዘው ያስቀምጡታል። የተፈታ ፕሮቲን ሲበዛ ወደዚያ ይሮጣሉ፤ እሱ ይለቀቃል፣ ጂኖቹ ወዳሉበት የህዋሱ እምብርት፣ ወደ ኒውክለስ፣ ገብቶ «ሚዜ ይጨመር» ብሎ ያዛል። ማንቂያውም ማጥፊያውም ያው ሚዜው ነው። ለብቻው የተቀጠረ ዘበኛ አያስፈልግም። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩ አላውቅም፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይገርመኛል።

ወደ ጥርሱ ልንደርስ ነው። ከዚያ በፊት ግን ህዋሱ ውስጥ አንድ ክፍል ማየት አለብን። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይባላል። ስሙ ይረዝማል፤ እኔ «መረቡ» እለዋለሁ፤ ቅርጹም እንደዚያው ነው። ከህዋሱ ወጥተው የሚሄዱ ፕሮቲኖች በሙሉ ማለት ይቻላል እዚህ ገብተው ይታጠፋሉ። ኢንሱሊን፣ በሽታ የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላት፣ የጥርስ ፕሮቲኖች። መረቡ ያልታጠፈውን አያሳልፍም። ልብስ ሰፊ ያላለቀ ሱሪ ለባለቤቱ እንደማይሰጠው ነው። ደጋግሞ ሞክሮ እምቢ ያለውን ወደ ውጭ ያወጣዋል። እዚያ ዩቢኩዊቲን የሚባል ትንሽ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ከዚያ ፕሮቲያዞም የሚባል ወፍጮ ይፈጨዋል። የዚህ ምልክት ግኝት በ2004 ለሁለት እስራኤላውያንና ለአንድ አሜሪካዊ ኖቤል አስገኝቷል።

መረቡ ውስጥ ያልታጠፈ ሲከማች ምን ይሆናል? እዚህም ያው የድግስ ቤቱ ዘዴ አለ። በመረቡ ግድግዳ ላይ ሦስት ዘበኞች ተተክለዋል። በሰላሙ ጊዜ ቢፕ የሚባል ሚዜ እላያቸው ላይ ተቀምጦ ያስተኛቸዋል። ሥራ ሲበዛ ቢፕ ጥሏቸው ይሮጣል። ይነቃሉ። አንደኛው «ምርት ይቀነስ» ይላል፤ ህዋሱ አዲስ ፕሮቲን መሥራቱን ቀነስ ያደርጋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወደ ኒውክለስ መልእክት ይልካሉ፤ ሚዜ ይጨመራል፣ መረቡም ይሰፋል። ከሦስቱ ቀድሞ የታወቀውን፣ መልእክት ከሚልኩት አንዱን ዘበኛ፣ በ1993 ጃፓናዊው ካዙቶሺ ሞሪና ፒተር ዋልተር የሚባል ሌላ ተመራማሪ በየፊናቸው እርሾ ውስጥ አገኙት። በ2014 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የሕክምና ምርምር ሽልማት ተካፍለዋል።

ጫናው ካላባራ ግን እነዚያው ዘበኞች ሌላ ትእዛዝ ያወጣሉ። ህዋሱ ራሱን ያጠፋል። ጨካኝ ይመስላል። የተበላሸ ህዋስ ዝም ብሎ የተበላሸ ነገር እያመረተ ከሚኖር ግን ለሰውነቱ ይሄኛው ይሻለዋል። ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ህዋሶች በስኳር በሽታ ከሚያልቁባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ከአቅም በላይ አምርቱ ተብለው ነው የሚያልቁት።

አሁን ጥርስ።

የጥርስን ውጫዊ ልባስ፣ ኢናሜሉን፣ የሚሠሩት አሜሎብላስት የሚባሉ ህዋሶች ናቸው። ቀጫጭንና ረጃጅም ሆነው እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ይቆማሉ። መጀመሪያ ፕሮቲን ያፈስሳሉ፤ በብዛት። በፕሮቲኑ መሃል ስስ የማዕድን ክሮች ይበቅላሉ። ቀጥሎ ፕሮቲኑ ተቆራርጦ ይወጣና ቦታውን ማዕድን ይሞላዋል። ያለቀለት ኢናሜል በክብደት 96 በመቶ ገደማ ማዕድን ነው። ከሰውነታችን ውስጥ እሱን የሚያህል ጠንካራ ነገር የለም። ጥርሱ ድዱን ቀዶ ሲወጣ ሠራተኞቹ ህዋሶች አብረው ያልቃሉ። ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል። አጥንት ቢሰበር ይገጥማል። ኢናሜልን ግን ተመልሶ የሚጠግን ህዋስ የለም። እንደተሠራ ይቀራል።

በሌላ በኩል ደግሞ ውሃችን አለ። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ዝናቡ በእነዚህ ድንጋዮች መሃል ሲሰርግ ፍሎራይድ ያሟሟል። ውሃው ካልሲየም ቢኖረው ፍሎራይዱን ይዞ ባስቀረው ነበር። የአካባቢያችን የከርሰ ምድር ውሃ ግን ሶዳነቱ ይበዛል፣ ካልሲየሙ ያንሳል። ስለዚህ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ወንጂ አካባቢ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ፣ ሀዋሳ ድረስ ታሪኩ አንድ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ይህን በስምጥ ሸለቆ ሕዝብ ላይ አጥንተው ጽፈዋል። ጥርስ ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመት ከጠጡት አንዳንዶቹ ወገባቸውና አንገታቸው አልታጠፍ ይላቸዋል።

ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ለጥርስ ይጠቅማል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው እሱ ነው። ችግሩ መጠኑና ጊዜው ነው።

ህዋሱ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በዝርዝር እንየው። ኢናሜሉ ሲጠነክር፣ ማዕድኑ እየበቀለ በሄደ ቁጥር አሲድ ይወጣል። ስለዚህ ህዋሶቹ የቆሙበት ፈሳሽ አልፎ አልፎ ይኮመጥጣል። ፍሎራይድ በኮምጣጣ ፈሳሽ ውስጥ ከአሲዱ ጋር ይጣመርና የህዋሱን ግድግዳ በቀላሉ ያልፋል። ውስጥ ሲገባ ኮምጣጤው የለም። መልሶ ይለያያል። አሁን በመጣበት መውጣት ያቅተዋል። ገብቶ ይከማቻል ማለት ነው። ውሃው ውስጥ ትንሽ የነበረው ህዋሱ ውስጥ ብዙ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ2005 ጆን ባርትሌትና ባልደረቦቹ የአይጥ አሜሎብላስት ህዋሶች ላይ ፍሎራይድ ጨምረው ያዩትን አሳተሙ። የመረቡ ዘበኞች ነቅተዋል። ህዋሶቹ የሚያፈስሱት ፕሮቲን ቀንሷል። «ምርት ይቀነስ» የሚለው ትእዛዝ ወጥቷል ማለት ነው። ፍሎራይድ ሌላም መንገድ አለው፤ ፕሮቲኑ በጊዜ ተቆራርጦ እንዳይወጣ ያዘገያል። ሁሉም ተደምሮ ውጤቱ አንድ ነው፤ ማዕድኑ በደንብ ያልሞላው፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ኢናሜል። ጥርሱ ሲወጣ ነጭና ኖራ መሳይ ነው። ቡናማው በኋላ የሚመጣ ነው። ከሻዩ፣ ከምግቡ የሚገኝ ቀለም በቀዳዳዎቹ እየገባ ይቀመጣል። ለዚህ ነው የእናቴ ከሰል ያልሠራው። ቀለሙ ያለው ውስጥ ነው፤ እሷ የምታሸው ላዩን።

አግድም መስመሮቹንም ላስታውሳችሁ። ኢናሜል በየቀኑ በስስ በስሱ ነው የሚነባበረው፤ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት። መስመሮቹ የሚሄዱት ያንን ንብርብር ተከትለው ነው። በእጅ መስታወት ጥርሴን ሳይ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ የጠጣሁትን ውሃ ነው የማነበው። እነዚያ ህዋሶች ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። ሥራቸውን አልጣሉም። ጭንቅ ውስጥ ሆነው እንደቻሉት ሠርተው ሄዱ።

የቀረውን በአጭሩ ልሂድበት።

ረሃብ ሲመጣ ህዋሱ ሌላ ነገር ያደርጋል። የራሱን አሮጌ ዕቃ ይበላል። ኦቶፋጂ ይባላል፤ ራስን መብላት ማለት ነው። ያረጀውን በከረጢት ጠቅልሎ ላይሶዞም ወደሚባለው የመፍጫ ክፍል ይወስደዋል። ከዚያ የሚገኘውን ፍርፋሪ መልሶ ይጠቀምበታል። ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህን የሚመሩትን ጂኖች እርሾ እያስራበ አገኛቸው፤ በ2016 ኖቤል ለብቻው ወሰደ። ኃይል ማመንጫው ማይቶኮንድሪያም ያኔ ዘዴ አለው። እርስ በርስ ተጣብቆ ይረዝማል፤ ረጅሙ ከረጢት ውስጥ አይገባም፣ ከመበላት ይተርፋል። ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ ሁልጊዜ ጾም ይነሳል። ጾም የራሱ ትልቅ ትርጉም አለው፤ እርሾ እንዲመሰክርለት አያስፈልገውም። የስኳር ሕመምተኛ ሆናችሁ «ኖቤል አግኝቷል» ብላችሁ ምግብ እንዳትተዉ ብቻ አደራ።

ወባም የአዳማ ጉዳይ ነው፤ አልዘለውም። ጥገኛ ተዋሲያኑ ከትንኝ ወጥቶ ሰው ውስጥ ሲገባ ድንገት 37 ዲግሪ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ደግሞ ራሱ የሚያስነሳው ትኩሳት አለ። ይህን ሁሉ የሚያልፈው በራሱ ሚዜዎች ነው። እኛ በአልጋ ላይ ስንንቀጠቀጥ ሁለት ሠራዊት ሚዜ በአንድ ጊዜ እየሠራ ነው፤ የእኛና የእሱ።

ቆቃ አካባቢ ቲማቲም የምታለሙ ካላችሁ ደግሞ ሙቀት ሲበረታ አበባው ሲረግፍ አይታችኋል። ተክል ወደ ጥላ አይሸሽም። ለዚህ ነው እኛ ጥቂት ያሉንን እነዚያን ሚዜ የሚጠሩ አባወራዎች ተክሎች ከ20 በላይ የያዟቸው። ቅጠሉና ግንዱ ይቋቋማሉ። የአበባው ዱቄት ግን ስስ ነው፤ ቀድሞ የሚሸነፈው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ልቁም፤ ጥያቄ ካለ እንነጋገር።

አንድ መምህር ቡናማው ጥርስ ይነጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። የጥርስ ሐኪም ላዩን በስሱ ሊፍቀው፣ ሊያነጣው ወይም ሊሸፍነው ይችላል። እቤት ውስጥ በከሰል፣ በአሸዋ፣ በሎሚ መሞከር ግን የቀረውን ኢናሜል ይበላዋል። ልጁንም በሰው ፊት አታቁሙት።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነሳች። ሴት ልጇን ታቅፋለች። «የምንኖረው ከከተማ ወጣ ብለን ነው፤ የጉድጓድ ነው የምንጠጣው» አለች። «ለእሷ ግን አፍልቼ ነው የምሰጣት።»

ማፍላትሽ ጥሩ ነው፣ ጀርም ይገድላል አልኳት። ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ከተማው ውስጥ ያለን ሰዎች የምንጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ የወንዙ ውሃ ከጉድጓዱ ይሻላል። እናንተ ግን ጉድጓዱ ተለክቶ እንደሆነ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቁጥሩን ንገሩን በሉ። ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ አለ፤ ፍሎራይዱን ይይዛል፣ ከሰሉ ግን በየጊዜው መቀየር አለበት። ቆርቆሮ ጣራ ካላችሁ ክረምት ሲገባ የመጀመሪያውን ዝናብ ይፍሰስ ተዉት፤ ጣራውን ይጠብልሻል። ከዚያ የሚወርደውን በንጹህ በርሜል አጠራቅሚ። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ለሁሉም ባይበቃ ለእሷ መጠጥና ለእሷ ገንፎ ይሁን። ጡትም አትንፈጊያት። አንቺ የጉድጓዱን ብትጠጪ እንኳን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ፍሎራይድ በጣም ጥቂት ነው።

«እስከ መቼ?» አለች።

እስከ ስምንት ዓመቷ ገደማ። ዕድሜዋን ጠየቅኳት። አስር ወሯ ነው። እንግዲህ ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶቿ፣ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናት የሚወጡት፣ አሁን እዚህ ታቅፈሻት ሳለ ድዷ ውስጥ እየተሠሩ ነው አልኳት።